ከቆላው ቤት እስከ ደጋው ቤት

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወጋችሁ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። ከይፋት ቆላ ተነስቶ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ መንዝ ገብቶ የሚያድር መንገድ ነው። ርቀቱ ይሄን ያህል አይደለም፤ ዳገቱ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ቀጥ ያለ ዳገት ደግሞ በጥድፊያ አይወጣም፣ በጥድፊያም አይወራም፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

ሸዋ ሮቢትን በደሴ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ሮቢ ወንዝን ተንተርሳ የተቀመጠች፣ ቀትር ላይ ውሻው እንኳ ከጥላ የማይወጣባት፣ ሽንኩርቱ በጆንያ ተቆልሎ የጭነት መኪና የሚጠብቅባት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ ብትመልሱ ሜዳው እየሰፋና እየሞቀ ወደ አዋሽ፣ ወደ አፋር ይወርዳል። ወደ ምዕራብ ብትዞሩ ደግሞ ተራራው ቆሟል፤ አናቱ ላይ ጉም ጠምጥሞ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሟል። እናላችሁ ከታች ላቡን የሚጠርግ ገበሬ ቀና ብሎ ያንን ጉም ያያል፣ ከላይ ደግሞ ባና የደረበ እረኛ ጎንበስ ብሎ ይሄንን ሜዳ ያያል፤ አንዱ የሌላውን አየር አይችለውም፣ ግን አንዱ ያለ ሌላው ኖሮ አያውቅም።

አሁን አሁን ከቤት ወደ ቤት እያደሩ ተራራ ለተራራ በእግር መሄድ የቱሪስት ሥራ ሆኗል፤ ገንዘብ ይከፈልበታል። በሰሜን ወሎ በመቄት፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ገበሬዎቹ በገደሉ አፋፍ ጎጆ ሠርተው፣ እንግዳው ጠዋት ከአንዱ ጎጆ ተነስቶ ማታ ከሌላው ጎጆ እየገባ፣ ገቢውን መንደሩ ይካፈለዋል። መንዝ ጓሳም የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ገበሬው ከተራራው አንድ ነገር ቢያገኝ ማን ይጠላል? በአውሮፓም በአልፕስ ተራሮች ልማዱ የቆየ ነው፤ ታላቁ ቅዱስ በርናርድ በሚባለው በር ላይ፣ 2,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ መነኮሳት ከአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በረዶ የያዘውን መንገደኛ እየተቀበሉ ኖረዋል፤ ውሾቻቸው ሳይቀሩ በዓለም ታውቀዋል። የእኛዎቹ ቤቶች በራቸው ላይ የተሰቀለ ምልክት የላቸውም። መሽቶበት ከደጅ የቆመ ሰው «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባላል፤ ሌላ ወረቀት የለም። የማወራችሁ ስለነዚህ ቤቶች ነው።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና እርጥበት እንደያዘ፣ ማሽላው አንገቱን የደፋበት፣ ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቁበት ወር። አብሬያቸው የወጣሁት ሰው የቀወት ገበሬ ናቸው፣ አዛውንት ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ እሳቸውም አይወዱም። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ አንዲት አህያ ማሾና በርበሬ ጭነው መንዝ ይወጣሉ፤ አባታቸውም ይወጡ ነበር፣ የአባታቸውም አባት። «ጋሼ፣ መኪና እያለ?» ብላቸው፣ «መኪናው እኔ የምፈልገው ደጅ ሁሉ አይቆምልኝም» አሉኝና አህያዋን ቸብ አደረጓት።

ማታውን ያደርነው ከአርማኒያ ዝቅ ብሎ ባለ ቤት ነው። ግድግዳው የማሽላ አገዳ ነው፣ ጭቃ ያልነካው፣ ነፋስ እንደ ልቡ የሚገባበት፤ ቆላ ላይ ግድግዳ የሚሠራው ለጥላ ነው፣ ሙቀቱንማ ማን ፈልጎት። ባለቤቲቱ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልን፣ ልጆቿ የጠፍር አልጋ ደጅ አወጡልን፣ እና ወባው ትንሽ እንደሚያሰጋ እየተነጋገርን፣ ከማሳው የጅብ ጩኸት እየሰማን እዚያው ደጅ ተኛን። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲሆን አዛውንቱ ተነስተው ውዱእ አደረጉ፣ ሰገዱም፣ ከዚያም ጭነቱን አነሳን። ሴትየዋ ከእኛ ቀድማ ተነስታ ኖሮ ትኩስ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ከጭነቱ ጋር አሰረችው፤ ቋጠሮውን ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረችው። አዛውንቱ «አላህ ይስጥሽ» አሉ፣ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፤ እሷም «አሜን፣ በሰላም ግቡ፣ ለላይ ቤት ሰላም በሉልኝ» አለችን። የላይ ቤት ሰዎችን በዐይኗ አይታ አታውቅም። ግን አማቷ ሰላም ይሉ ነበርና እሷም ሰላም ትላለች።

ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። የመኪናው መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ የእግሩ መንገድ ደግሞ ጥምዝምዙን እየቆረጠ ይወጣል፤ አንዳንዴ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ አንድ የጭነት መኪና ፊታችን ላይ እያቃሰተ ያልፍና አቧራውን ትቶልን ይሄዳል፣ እኛም አቧራውን አራግፈን ደግሞ ወደ ጫካው እንገባለን። አዛውንቱ ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን በዱላው ላይ ጥለው፣ ፍጥነታቸውን ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም ይሄዳሉ። እኔ እየሮጥኩ እቀድማቸውና ተቀምጬ ሳለከልክ ይደርሱብኛል፣ ምንም ሳይሉኝ ያልፉኛል። አህያዋም ታልፈኛለች፤ የሷ ማለፍ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

ብርሃን ሲወጣ አገሩ እየተቀየረ መሆኑ ታየ። ማሽላው ከኋላ ቀርቶ ጤፉ መጣ፣ ጤፉም እየሳሳ ባቄላውና ስንዴው ተተካ፤ ግራሩና ቁልቋሉ አነሰ፣ ወይራውና ጽዱ በረከተ። ቤቶቹም ተቀየሩ፤ አገዳው ግድግዳ ጭቃ ለበሰ፣ ቀጥሎ ድንጋይ ሆነ፣ በሮቹም እየጠበቡ ሄዱ። ሰላምታው ግን ያው ነው፤ «እንደምን አደራችሁ፣ ወዴት ናችሁ፣ ቤት ግቡ፣ ቁርስ ቅመሱ» የማይል ደጅ አላጋጠመንም። በነገራችን ላይ ይሄን ግብዣ ሁሉ እሺ ብላችሁ ብትገቡ ጣርማ በርን የምታዩት በሚቀጥለው ጥቅምት ነው። አዛውንቱ መልሱን ያውቁበታል፤ «በመልሱ፣ በመልሱ» እያሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ።

አንድ ወይራ ሥር ተቀምጠን ቂጣውን ስንፈታ፣ አዛውንቱ በዱላቸው ወደ ደቡብ አመለከቱኝ። በዚያ በኩል፣ ከአንኮበር ሥር፣ አልዩ አምባና ፋሬ አሉ። ዋናው የሲራራ መንገድ በዚያ ነበር። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የተነሳ ግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ፋሬ ሲደርስ ጉዞው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት የግመል አይደለምና ጭነቱ ወደ በቅሎ፣ ወደ አህያና ወደ ሰው ትከሻ ይዛወራል። አልዩ አምባ ላይ ገበያ ይቆማል፣ ከታች የመጣው ጨውና ጨርቅ ከላይ ከመጣው ቡናና የዝሆን ጥርስ ጋር ይገናኛል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይሄንን ዘልዬው ባልፍ ተራራው ራሱ ይታዘበኛል። እዚያው አቅራቢያ አብዱል ረሱል በምትባል መንደር የባሪያ ገበያ ነበር፣ ከሩቅ አገር የተነዱ ልጆችም ይሄን እኛ የምንወጣውን ዓይነት ዳገት ቁልቁል ወርደው ወደ ባሕር ሄደዋል። ለነሱ «ቤት የእግዜር ነው» ያላቸው አልነበረም።

በ1833 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ በበረታበት ወራት፣ ካፒቴን ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ከሕንድ ተልኮ፣ ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ መድፍና ብዙ ስጦታ ይዞ በዚያ መንገድ ወጥቶ ነበር። በረሃውን እንደምንም ጨርሶ ፋሬ ሲደርስ ጭነቱ መሬት ላይ ተዘረገፈ፣ ከዚያም ንጉሡ ባዘዘው መሠረት ገበሬው ተሸከመው። የዚያን ጊዜ የጠረፉ ጠባቂ ወላስማ መሐመድ ነበር። ልብ በሉ፤ የክርስቲያኑ ንጉሥ የአገሩን የምሥራቅ በር ቁልፍ የሰጠው ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ዘር ለሚቆጠር ሙስሊም ሹም ነው። ከንጉሡ ፈቃድ ውጭ እንግዳ የሚገባው በወላስማ ሬሳ ላይ ተሻግሮ ነው። የንጉሡ ዘመዶች፣ ዙፋን ይመኛሉ ተብለው የሚፈሩት፣ ታስረው የሚኖሩበት የጎንቾ ወህኒም በእሱ እጅ ነበር። እስር ቤትማ ይሄ አገር ዛሬም አላጣ፤ የሸዋ ሮቢትን ማረሚያ ቤት ስም ያልሰማ የለም። ከሃሪስ በኋላም ብዙ ሰው ወጣ፤ ባለቅኔው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ እንኳ በ1879 ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ አንኮበር የገባው በዚያው ነው። አዛውንቱ ራምቦን አያውቁትም። «ጠመንጃ ይዞ ለመጣም ቤት ተሰጠው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ተሰጠው አልኳቸው፤ «እንግዳ ነዋ» አሉና ፍርፋሪያቸውን ለወፎቹ በትነው ተነሱ።

ረፋዱ ላይ ደብረ ሲና ገባን። አየሩ ተለውጧል፤ ላባችን ሳይደርቅ በረደን። ደብረ ሲና መንገደኛ የሚቆምባት ከተማ ናት፤ አውቶቡሱ ገና ፍሬን ሲይዝ ሴቶቹ ቆሎና በሶ ታቅፈው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። እኛም ቆሎ ገዛን፣ ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት፣ ገና ትኩስ የሆነ፤ አንድ ግድግዳ ተደግፈን እየቆረጠምን ሳለን አዛውንቱ ቆሎውን በእጃቸው እንደያዙ ወደመጣንበት ቁልቁለት ማየት ጀመሩ።

የሚያዩትን አውቄዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በ2013 አጣዬ ተቃጠለች። ዓመቱ ሳይዞር፣ በኅዳር 2014፣ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ እዚህ ደብረ ሲና ድረስ ደረሰ። ያን ሰሞን ያ ሁሉ የቆላ ሕዝብ ይሄን ዳገት ወጥቶታል፤ ሕፃን አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ፣ በስስ ልብስ፣ በኅዳር ውርጭ። ደብረ ሲናም ተይዛ የራሷ ሰው ወደ ላይ ሲሸሽ፣ የቆላውና የወይና ደጋው ሰው አንድ ላይ ሆኖ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ መንዝ ሄደ። አዛውንቱ ስለዚያ ብዙ አያወሩም። «ሚስቴም ልጆቼም ዛሬ ማታ የምንገባበት ቤት ነበሩ» አሉኝ። «ስንት ጊዜ ቆዩ?» ብላቸው፣ «እስኪበቃቸው» አሉ፤ ቆሎውንም ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ያለው ዳገት አያወላዳም። ጉሙ ከላይ ወርዶ መንገዱ መሐል ጠበቀን፤ የፊቴን አህያ እንጂ ከአህያዋ ፊት ያሉትን አዛውንት አላያቸውም፣ ድምፃቸውን ብቻ ነው የምሰማው። የመኪናው መንገድ ተራራውን በስቶ ነው የሚያልፈው፤ ያ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ነው። የእግረኛው መንገድ ግን በዋሻው አናት ላይ ነው፤ ከእግራችሁ ሥር፣ ከአለቱ ውስጥ፣ የመኪናው ጉርምርምታ ይሰማችኋል።

በሚያዝያ 1928 የማርሻል ባዶሊዮ ጦር በመኪና ተጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ይሄን በር ማለፍ ነበረበት። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች፣ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች፣ በሩን እንዲጠብቁ እዚህ ተልከው ነበር፤ መንገዱም ፈርሶ የጣልያን መኪና ተራራው ሥር ለጊዜው ቆሞ ነበር። ልጆቹ ያን ጦር ሊያቆሙት አልቻሉም። ግን ከዚያ በኋላ ላሉት አምስት ዓመታት ከዚህ ተራራ ጠላት እንቅልፍ አላገኘም፤ ራስ አበበ አረጋይና አርበኞቻቸው በመንዝ፣ በተጉለት፣ በይፋት አፋፍ ላይ እየተዘዋወሩ ሲዋጉ ኖረዋል። ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ገደሉንና ዋሻውን ያመሰግናሉ። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ዋሻ ጥሬ አይቆላም፤ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ተነስታ ምጣድ የጣደች ሴት ባትኖር፣ ነገ ቤቷ እንደሚቃጠል እያወቀች እንጀራ ባታቀብል፣ አርበኛው አንድ ክረምት አይዘልቅም ነበር።

እዚህ ላይ እያለን በረዶ ጣለብን። መጀመሪያ ነፋሱ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ጉሙ ጠቆረ፣ ከዚያም አህያዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ አልሄድም አለች፣ ወዲያውም በረዶው አናታችንን ይወቅረው ጀመር። ሮጠን ከአንዲት የድንጋይ ጎጆ ደጅ ደረስን። አዛውንቱ በዚያ ሁሉ በረዶ መሐል ቆመው፣ ሥርዓቱን ሳያጎድሉ፣ «ቤቶች!» አሉ። በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት ልጅ እንዳዘለች ብቅ አለች፤ ማን ናችሁ አላለችም፣ «ውይ! ግቡ፣ ግቡ፣ እሷንም አስገቧት» አለች። «እሷ» ያለቻት አህያዋን ነው። እኛም ገባን፣ አህያዋም ከነጭነቷ ገብታ ከበጎቹ አጠገብ ቆመች፣ የቤቱ ጥጃ እንግዳዪቱን ጠጋ ብሎ ማሽተት ጀመረ።

እሳቱ የኩበት ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ እንጨት ብርቅ ነው። ጭሱ ዐይን ያስለቅሳል፣ ሙቀቱ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። ሴትየዋ የራሰውን ጋቢዬን ከትከሻዬ ላይ ራሷ አንስታ፣ ጫፍና ጫፉን ይዛ እሳቱ ላይ እየዘረጋች እያገላበጠች አደረቀችው፤ አንዲት ፍም ፈንጥቃ ጫፉን ስታሳርረው በጣቷ ቶሎ ጨመቀችና «ይቅርታ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያም የአዛውንቱን ቆብ አየት አደረገች፣ ለእኔ ጠላ ቀዳች፣ ለእሳቸው ሻይ ጣደች። ጠላ ይጠጡ እንደሆን አልጠየቀችም፣ እሳቸውም አልጠጣም እስኪሉ አላስቸገረቻቸውም። ባሏ ደብረ ብርሃን ለሥራ ወርዷል፤ ቤት ውስጥ ያለችው እሷና ልጆቿ ብቻ ናቸው። እና ሁለት የማታውቃቸውን ወንዶች አስገባች። በከተማ ያለነው ይሄን ስንሰማ ለእሷ እንፈራለን፤ እሷ ደግሞ ደጅ ለቀረ ሰው ነው የምትፈራው።

በረዶው ሲያባራ ወጥተን ደጁ ላይ ቆምን። ያቺ ጎጆ የቆመችበት ቦታ ጉድ ነው፤ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ ሮቢ፣ ከሮቢ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ጥቂት እርምጃ ወደ ምዕራብ የወደቀው ደግሞ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ አባይ ገብቶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ከአንድ ደመና የወረደ በረዶ ነው። ሴትየዋ ይሄን ብነግራት ሳቀችና «ለእኔማ ሁለቱም ጎርፍ ነው፣ ገብሴን ነው የሚወስደው» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላው የአፋፍ መንገድ ነው፤ ወደ መዘዞ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ገደሉን በቀኝ፣ የመንዝን ሜዳ በግራ እያደረግን ሄድን። ዳገቱ አልቋል፣ ብርዱ ግን አላለቀም። ጅባራው እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ተቀምጧል፣ ወንዱ ጎፈሩን ነፋስ እየበተነበት አየት ያደርገንና ተመልሶ ሣሩን ይነጫል፤ እኛ ጠጋ ስንል ሁሉም ወደ ገደሉ አፍ ይሸሻሉ፣ ሲመሽም እዚያው ገደሉ ላይ ያድራሉ። ጉሙ ገለጥ ባለ ጊዜ በስተደቡብ የወፍ ዋሻ ደን ጥቁር ሆኖ ታየ። የመናገሻ ደን ዘሩ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ከዚህ ከወፍ ዋሻ ተወስዶ የተተከለ ነው ይባላል፤ ጽዱና ዝግባው ዛሬም አለ፣ ያውም መጥረቢያውን ሁሉ ተቋቁሞ።

አንድ ቦታ ላይ አዛውንቱ ቆሙ። ከታች፣ ከጉሙ ቀዳዳ፣ ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ተዘርግቷል። ዱላቸውን ዘርግተው «ያችውልህ» አሉ። እኔ የማየው ቢጫና አረንጓዴ ብቻ ነው። «ያ ዛፍ አይታይህም? ከሱ በስተግራ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ማሽላዬ እኮ ነው» አሉ። አየሁ ብዬ ዋሽቻቸው መንገድ ቀጠልን። ከዚያም ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ፀሐይዋም ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ፣ ውሻ ጮኸ፣ የድንጋይ አጥር ታየ፣ ከአጥሩም አንድ ባና የደረቡ ሽማግሌ ወጡ።

የሁለቱን ሰዎች ሰላምታ ብነግራችሁ ጽሑፉ በእሱ ያልቃል። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዘው «እንዴት ከረምክ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ፣ አዝመራውስ» እያሉ፣ መልሱን ሳይጠብቁ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው እየጀመሩ። አባቶቻቸው ወዳጆች ነበሩ፣ የአባቶቻቸውም አባቶች፤ የቆላው በርበሬ፣ የደጋው ገብስና የበግ ጠጕር ሲያገናኛቸው ኖሯል። ገብተን ተቀመጥን፤ የቤቱ ትልቅ ልጅ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አምጥቶ ተንበረከከና እግራችንን አጠበን። ተረከዜ ላይ ውሃ የቋጠረውን ቦታ ዙሪያውን ብቻ በአውራ ጣቱ ያሸዋል፣ ቦታው ላይ ሲደርስ ግን ውሃውን አፍስሶ ያልፈዋል። ማን እንዳስተማረው አልጠየቅኩም።

ከዚያም ባለቤቲቱ ወደ ጓዳ ገቡና ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት የሸክላ ድስት አወጡ። ድስቷ የእንግዳው ናት። ሌላ ነገር አይሠራባትም፤ ታጥባ፣ በጨርቅ ተሸፍና፣ ከዓመት ዓመት ትቀመጣለች። ባለቤትየውም አንድ ዶሮና አንድ ቢላዋ ለአዛውንቱ ሰጡ፣ እሳቸውም ደጅ ወጥተው በስመ አላህ ብለው አረዱ፣ ሴትየዋም በዚያች ድስት ሠሩላቸው። እኛ ሽሮ በላን፣ እሳቸው ዶሮ በሉ፣ ሁላችንም አንድ እሳት ከበን። የሁለት ሃይማኖት ሰዎች እንዴት ይኑሩ ተብሎ በአዳራሽ ብዙ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ እኔ ያቺን ድስት ነው የማስታውሰው።

ጣሪያው የጓሳ ሣር ነው፤ ከጭሱ ብዛት ከውስጥ ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ። ስለ ጣሪያው ሳነሳ ባለቤትየው ደስ አላቸው። ጓሳ ከዚህ ወደ ሰሜን ነው፤ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሣር ሜዳ፣ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት። አስቦና ጌራ የተባሉት ቀደምት አባቶች ዘር ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሜዳው ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፣ ሣር የሚያጭድ፣ ከብት የሚያስገባ የለም፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም በተራው ያጭዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ሜዳውም ተጎዳ። በኋላ ግን ሰዉ ራሱ ተሰብስቦ ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አቆመው፣ ክልሉም በሕግ አጸናው። «ጓሳ ባይኖር ይሄ ቤት ክዳን የለውም ነበር» አሉ ባለቤትየው። ከዚያም ፈረንጆቹ በማረፊያ ቤቱ ለማደር ስለሚከፍሉት ገንዘብ አነሱ፤ አይቃወሙትም፣ ከገቢው የሚጠበቀው ሣር ነው። «ግን ለኔ ቤት ማደሪያ ስንት ብዬ ልጠይቅ?» ብለው ወዳጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉ። አዛውንቱም «ጠይቀኝ እስቲ፣ እኔም ያባቴን ዕዳ ጨምሬ የአንተን አባት መጠየቄ አይቀርም» አሉ፣ ሁለቱም ሳቁ።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሳቁ ቆመና ማሾው ተነሳ። እናላችሁ፣ አሁን እግር ያጠበ ቤት፣ ዶሮ ያረደ ቤት፣ የጦርነቱን ሰሞን ቤተሰብ ያኖረ ቤት ነው ብላችሁ ዋጋው ይቀላል እንዳትሉ። ለአንድ ቁና ማሾ ስንት ቁና ገብስ? ባለቤትየው የአምናውን ጠሩ። አዛውንቱ አምና ዝናብ ነበረ አሉ። ባለቤትየው የዘንድሮው ማሾ ደቃቅ ነው አሉ፣ ከጆንያው ዘግነው መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ ለመብራቱ አሳዩ። ሴትየዋ ከምድጃው ዳር ሆነው ለእንግዳው ማገዝ ጀመሩ፣ ባልየው ተቆጡ፣ ልጁ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

«ደግሞ ያንተ ቁና ዘንድሮ ከፍ ብላለች፣ እኔ አውቃታለሁ» አሉ የኔ አዛውንት።

«የቆላ ፀሐይ ዐይንህን አበላሽቶት ነው፤ ቁናዋ ያቺው የአባትህ ቁና ናት» አሉ ባለቤትየው፤ እና ልጁ ቁናዋን ከጓዳ እንዲያመጣ ተላከ።